ሁለት ኪሎ ተኩል ውሻ

ውሻ ይገዛል እንዴ? እኔ እስከ አርባ ስድስት ዓመቴ ድረስ አይመስለኝም ነበር። ነገሌ ውስጥ ውሻ ይመጣል እንጂ አይገዛም። ጠዋት በራችሁን ስትከፍቱ ደጃፋችሁ ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። አታባርሩትም፣ አታስገቡትም። ቁራሽ ከጣላችሁለት በነጋታውም አለ። በወሩ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ይጮህላችኋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ? ውሉ ይኸው ነው። ፊርማ የለው፣ ምስክር የለው።

እኔ ግን ገዛሁ። ለዚያውም ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን። ሲያዩኝ የሚስቁ ሰዎች አሁንም አሉ። ይሳቁ። ነገሩን ከሥሩ ብነግራችሁ እናንተም ትስቃላችሁ፤ ግን ቢያንስ በምን እንደሆነ አውቃችሁ ነው።

ከውሻ ጋር የቆየ ትውውቅ አለኝ። አባቴ ወታደር ነበር። ነገሌ ያመጣን የሱ ጦር ነው። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን አባቴም አብሮ ተበተነ። ወደ ሞያሌ ሲሄድ አየነው ያሉ አሉ፤ ሲመለስ ያየ የለም። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አላወራም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጦሩ ሲሄድ ውሾቹን ትቷቸው ነው የሄደው። የካምፑ ውሾች ከወጥ ቤቱ ኋላ በተርታ ተቀምጠው ምግብ አብሳዩን ሲጠብቁ ሰነበቱ። ቆይቶ ገባቸው። ከዚያ በኋላ ቆሻሻ የሚደፋበት ቦታ ላይ እኔና እነሱ እንገናኝ ጀመር። አንድ ቀን ሥጋ ቤት የጣለውን አጥንት ቀድሜ ያዝኩ። አንድ አመድማ ትልቅ ውሻ አጠገቤ ደርሶ ቆመ። ጥርሱን አላሳየኝም። አየኝ፣ አየኝና ዞር ብሎ ሄደ። አጥንቱን ምን እንዳደረግሁት አትጠይቁኝ።

ሁሴንን ያወቅሁትም ያኔ ነው። አባቱ ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበራቸው። በደጃፋቸው ሳልፍ እናቱ «ና እስቲ አንተ፣ ይህን ሳህን ወደ ውስጥ አስገባልኝ» ይሉኝ ነበር። ሳህኑን ይዤ ስገባ ምግቡ የኔ ይሆናል። አንድም ቀን «ርቦሃል?» ብለው አልጠየቁኝም። ለዚህ ነው ከሁሴን ጋር እስከ ዛሬ ወዳጅ የሆንነው። ይህንንም ለሱ ነግሬው አላውቅም።

ዛሬ ወደ ፊልቱ በሚያወጣው መንገድ ዳር ጎማ እጠግናለሁ። ጎሚስታ ይሉኛል። ጎማ ጥሩ ነገር ነው፤ የተበሳበትን ቦታ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ራሱ ይናገራል። ሚስቴ አስካለ ደግሞ በቤታችን የፊት ክፍል ለሹፌሮች ምሳ ትሸጥ ነበር። ከሜጋ የመጣውን ስለ ድርቁ፣ ከቦሬ የወረደውን ስለ ጭቃው ሳትጠይቅ ሳህን አታነሳም። ሹፌሮቹ ለወጡ ይሁን ለወሬው እንደሚመጡ አላውቅም። ከዚያ ጉልበቷን አመማትና ምሳ ቤቱን ዘጋች። ልጃችን ሰላምም ሥራ አግኝታ ሐዋሳ ገባች። አስካለ ዝም አለች።

መጀመሪያ አላስተዋልኩም። እውነቱን ልናገርና ደስ ሳይለኝ አልቀረም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። በሁለተኛው ወር ግን ጸጥታው ሌላ ሆነ። ከክፍሏ አትወጣም። በር ቢንኳኳ አትከፍትም። «ምን አለ የሚበላ?» እላታለሁ፤ «ያለው።» «አመመሽ?» «አይ።» እንዲህ ያለው መልስ እኮ የኔ ነበር! ሰው የራሱን አመል ከሌላ ሰው ሲቀበለው እንዴት እንደሚመር ያኔ ነው ያወቅሁት።

ሰላም ደወለች። «አባዬ፣ እማዬ ብቻዋን ናት» አለችኝ።

«እኔ አለሁ አይደል?» አልኳት።

«አዎ፣ አንተማ አለህ» አለች።

ከዚያ ቁርጡን ነገረችኝ። እናቷ እስከ ፋሲካ እንዲህ ከሆነች መጥታ ሐዋሳ ልትወስዳት ነው። ለጉብኝት አይደለም፤ ለመኖር። አስካለን ጠይቃታለች። አስካለም «እሺ» ብላታለች። ሃያ አምስት ዓመት አብረን ኖረን፣ «እሺ»። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ለፋሲካ አሥራ አንድ ሳምንት ቀርቷል።

የውሻውን ነገር ያመጣችው ራሷ ሰላም ናት። ሐዋሳ ጎረቤቷ የሆኑ አንዲት ሴት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከሰው ተለይተው ነበር አሉ። ትንሽ ነጭ ውሻ ገዙና ሰው ሆኑ። የቤት ውስጥ ውሻ፣ ጭን ላይ የሚቀመጥ። «እንደዚያ ያለ ግዛላትና እንያት» አለችኝ። ጭን ላይ የሚቀመጥ ውሻ! ጭን ላይ ተቀምጦ በሩን ማን ሊጠብቅ ነው? ይህን አልኳት። «አባዬ፣ በሩን ማንም አይጠብቅም፤ እማዬን ነው የሚጠብቃት» አለች። ልጅ ስታስተምሩ አንዳንዴ እንዲህ ይመለስባችኋል።

ሰው የማያውቀውን ነገር ሲገዛ የሚያውቅ ሰው ይዞ ይሄዳል። ውሻ መግዛት የሚያውቅ ሰው ነገሌ ውስጥ አላገኘሁም። እንስሳ መግዛት የሚያውቅ ግን ሞልቷል፤ ከሁሉም በላይ ሁሴን። ሁሴን የከብት ደላላ ነው። በሬን ከኋላው አይቶ ዘንድሮ የት ውሃ ሲጠጣ እንደከረመ ይናገራል ይሉታል። ችግሩ ሙስሊም ነው፤ ውሻ አይነካም። «እኔ በዓይኔ፣ አንተ በእጅህ» አለኝ። ተስማማን። ቦሬን በብርድ እየተንዘፈዘፍን አልፈን ሐዋሳ ገባን።

ሰላም የላከችን ወደ አንድ ወጣት ግቢ ነው። ጫማው ነጭ፣ ውሾቹም ነጭ። «ይሄ ማልቲዝ ነው። ይሄ ሺትዙ ይባላል። ያቺ ፑድል ናት» እያለ አስተዋወቀን። ሁሴን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ገበያ ቀን ዞራቸው። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ። ከዚያ በዱላው ጫፍ እያመለከተ ያዝዘኝ ጀመር። «አፉን ክፈተው።» ከፈትኩ። «ጥርሱን ወደ ብርሃን አዙርልኝ። ጆሮውን ገልብጥ። ልቀቀው፣ ይሂድ። አሁን መልሰው።»

ልጁ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ይሄ እንዲህ አይመረጥም» አለ።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ልብዎን ከነካዎት ይወስዱታል።»

ሁሴን ወደኔ ዞረ። «ልብ ነክቶ የተገዛ በሬ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ንገረው እስቲ» አለኝ።

ጥያቄው ቀጠለ። «ሥራው ምንድን ነው?» «ሥራ የለውም፤ ይወደዳል።» «ቤት ይጠብቃል?» «አይ፣ እንግዳ ይወዳል።» «አይጥስ ይይዛል?» «አይጥ ይፈራል።» ሁሴን ቆቡን ከፍ አድርጎ ግንባሩን አከከ። «ወላሂ፣ ይህን ሥራ ለኔ ቢሰጡኝ!» አለ።

ሰላም በስልክ የመረጠችልን ሺትዙውን ነበር። ፀጉሩ መሬት ይጠርጋል፤ ፊቱ በር ላይ የተጋጨ ይመስላል። ሁሴን ጎንበስ ብሎ አዳመጠው። «ቆሞ ያንኮራፋል» አለ። ልጁ «አፍንጫው አጭር ስለሆነ ነው፤ ደስ አይልም?» አለው። ሁሴን ቀና አለ። አፍንጫው የተደፈጠጠ እንስሳ ቆላ አይወርድም አለ። በሬም ቢሆን፣ ውሻም ቢሆን። አየር የሚያቀዘቅዘው አፍንጫ ነው፤ አፍንጫ የሌለው በምን ያቀዘቅዛል? ፀጉሩም የደጋ በግ ፀጉር ነው። መዥገር ቢገባበት ማን ፈልጎ ያገኘዋል? የነገሌን ጥር የሚያውቅ ሰው ይህን አይወስድም።

ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ አልዋሸንም። «እውነታቸውን ነው» አለኝ። ሙቀት ሲበዛበት ይታፈናል፤ አየር ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል አለ። አየር ማቀዝቀዣ! ነገሌ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ማለት የግራር ጥላ ነው፤ እሱም ወረፋ አለው።

«ያኛውስ?» አለ ሁሴን በዱላው።

ግቢው ጥግ አንድ ቡናማ ነገር ተቀምጧል። ፀጉሩ አጭር፣ አፍንጫው ሹል፣ ጆሮዎቹ ከፊቱ የሚበልጡ። ቺዋዋ ነው፤ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ግን አይታወቅም። የመጣው ሰው ሁሉ ነጩን እየወሰደ እሱ ስድስት ወር አልፎታል። ልጁ ሊያሳየን እንኳ አላሰበም ነበር። ሁሴን ግን ዓይኑ በራ። «ጆሮውን አየህ? ጆሮ ሙቀት ያወጣል። የቆላ ፍየልን ጆሮ አስበው። እግሩ ቀጥ ያለ፣ ጥርሱ ሙሉ። ይሄ የኛ አገር ሰው ነው» ብሎ ፈረደ።

እኔ የመረጥኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ምግብ ሲቀርብ አንዱ ነጭ መጥቶ ሳህኑ ላይ ቆመበት። ቡናማው አልተጣላም። አየው፣ አየውና ዞር ብሎ ሄደ። ምክንያቱን ለሁሴን አልነገርኩትም። ሰላም ስታየው «አባዬ፣ ይሄ አይጥ ነው?» አለች። ለሷም አልነገርኳትም።

ልጁ መመሪያ በወረቀት ጻፈልኝ። ሽንኩርት አይብላ፣ ነጭ ሽንኩርት አይብላ፣ ቸኮሌት አይብላ፣ የዶሮ አጥንት አይብላ። ቸኮሌቱን ተዉት፤ እኛም አንበላም። ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ግን ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። የኛ ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። ውሻው አይጾምም። ስለዚህ ሁሴን የማይነካውን ውሻ ሊመግብ በየሁለት ቀኑ የሙስሊም ሥጋ ቤት ይሰለፍልኝ ጀመር። ቁርጥራጩን በላስቲክ ቋጥሮ ከሩቅ ይወረውርልኛል።

ክትባት ያስፈልገው ነበርና የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ ለግመል የሚሆን መርፌ በእጁ ይዞ ቆየና «ክብደቱን አምጣ» አለኝ። የክሊኒኩ ሚዛን እንዲህ ያለ ነገር አይቆጥርም። ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ከምትሸጥ አንዲት ሴት ሚዛን ፊት ቆምኩ። «አካም፣ አባ ሰላም» ብላ በልጄ ስም ሰላምታ ሰጠችኝ። ቀጥላ ኮቴ ውስጥ ያለውን አየች። «ይሸጣል?» «አይሸጥም።» «ይበላል?» «አይበላም።» «ታዲያ ለምን ይመዘናል?» ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ኪሎ ተኩል ሆነ። ሚዛኗን ሦስት ጊዜ አጠበች።

ምክር የማይሰጥ ሰው ጠፋ። አንዱ የግመል ወተት ስጠው፣ አጥንቱ ይጠነክራል አለኝ። ሰጠሁት። የግመል ወተት ያልለመደ ሆድ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የነገሌ ሰው ያውቃል፤ ውሻው ግን የሐዋሳ ሰው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ መጥረጊያ ይዤ ስከተለው ዋልኩ።

ግን ልንገራችሁ? ነገሩ ይስበኝ ጀመር። ውሻ ሲሞቀው ምላሱን አውጥቶ እንደሚያለከልክ እንጂ በቆዳው እንደማያልበው አላውቅም ነበር። መዥገር ከጆሮው ይልቅ ጣቶቹ መሐል መደበቅ ይወዳል። ጥፍሩን ስትቆርጡ ውስጥ ያለችውን ቀይ መስመር ከነካችሁ ይደማል። ቀትር ላይ መሬቱ መዳፉን ያቃጥለዋል፤ እጃችሁን መሬት ላይ አኑራችሁ እስከ አሥር መቁጠር ካልቻላችሁ እሱም መራመድ አይችልም። ከሥራ ስገባ መነጽሬን አድርጌ ጣት ጣቱን እየከፈትኩ አየው ነበር። አንድ ቀን እንዲህ አጎንብሼ ሳለሁ ቀና ስል አስካለ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። የምታየው ውሻውን አልነበረም፤ እጄን ነው። ያቺ ጉልበቷን ያመማት ሴት። አንድም ቀን እግሯን እንዲህ አይቼላት አላውቅም። ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ውሻውንማ ከመጀመሪያው ቀን አልተቀበለችውም። «ለማን ነው?» አለችኝ። «ላንቺ።» «እኔ ውሻ አልኩህ?» በቃ። ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት፤ ወረደ። ጠዋት ጠዋት ተከትሎኝ ሥራ ቦታ ይመጣል። አሮጌ ጎማ ውስጥ ተጠቅልሎ ይውላል። ለሚስት የተገዛ ውሻ ባል ተከትሎ ሲዞር ምን ይባላል? ሹፌሮቹ ያሉትን አልጽፈውም። ፋሲካ አምስት ሳምንት ቀረው።

አንድ ቀን ወደ ኋላ የሚመለስ የጭነት መኪና ሊጨፈልቀው ለጥቂት ተረፈ። በዚያው ሳምንት ጭላት ዝቅ ብሎ ዞረው። ለጭላት አይጥ ይሁን ውሻ ልዩነቱ አይታየውም፤ ሰላምም አልታያት። ሁሴን ይህን ሰምቶ ከኪሱ ትንሽ የብረት ቃጭል አወጣ። ፍየሎቹን የሚመራው ሙክት አንገት ላይ የነበረ ነው። ሙክቱ ባለፈው አረፋ ታረደና ቃጭሉ ቀረ። «ድምፅ ያለውን እንስሳ ሰው ይጠነቀቅለታል» አለኝ። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። ለአንድ ነገር ብቻ አልተዘጋጀንም፤ ሁለታችንም የዚህ አገር ሰዎች ሆነን ሳለ ማሰብ ነበረብን። በማግስቱ ቃጭሉን አሰርኩለትና መኪናውን ስለፈራሁ ቤት ትቼው ወጣሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ያየሁት አይደለም። አምስት ሰው አምስት ዓይነት አድርጎ ነግሮኛል፤ የሚስማሙበትን ልንገራችሁ።

ውሻው በአጥር ሾልኮ ሊፈልገኝ ወጣ። የሁሴን ቤት በመንገዱ ላይ ነው። አሥራ ሰባቱ የሁሴን ፍየሎች ሙክቱ ከታረደ ወዲህ መሪ አጥተው በየዛፉ ሲበተኑ ከርመዋል። ያን ቃጭል ሰሙ። ቀና አሉ። ፍየል ቃጭሉን እንጂ ያሰረውን አይመረምርም፤ ተነሥተው ተከተሉት። ውሻው ዞር ሲል አሥራ ሰባት ቀንዳም ይመጣሉ። ፈርቶ ወደ ቤት ሮጠ። ሲሮጥ ቃጭሉ ባሰበት፤ ቃጭሉ ሲብስበት ፍየሎቹም ሮጡ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ፤ በኛ አጥር ፍየል ገባበት።

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ነውና አስካለ ለዓመታት ውሃ ያጠጣችውን የሽፈራው ዛፍ ጨረሱት። ቀጥሎ የተሰጣውን አንሶላ ጀመሩ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ፤ ከሦስት ወር በላይ ድምፅዋ ያልተሰማ ሴት ወጥታ ጮኸች። «ማነው ይሄን መዓት የለቀቀብኝ!» ድምፅዋ መንገድ ማዶ ተሰማ። ሴቶቹ ሰው የሞተ መስሏቸው መጡ።

እኔ በዚህ ሰዓት የት ነበርኩ? ከሁሴን ጋር ሌባ ፍለጋ ላይ! ሁሴን ላብ አጥምቆት ሥራ ቦታዬ ደርሶ «ተዘረፍኩ! አንድም አላስቀሩልኝ!» አለኝ። ዘግቼ ወጣሁ። ወንዙን ወረድን፣ በገበያው ዞርን፣ እስከ ካምፑ አጥር ሄድን። መንገድ ላይ ሌባውን ሲያገኘው ምን ምን እንደሚያደርገው በዝርዝር ነገረኝ። በነገሩ ሁሉ «ልክ ነህ» አልኩት። ውሃ እንጠጣ ብለን ወደ ቤቴ ስንገባ ፍየሎቹ ግቢዬን ሞልተው ያመሰኳሉ። ውሻው መሐላቸው ተኝቷል። አስካለ፣ የሁሴን ሚስት ሐሊማና ሌሎች ሁለት ሴቶች ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

ሁሴን ወደኔ ዞረ። «አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ቃጭሉን ማን ሰጠው?» አለች ሐሊማ።

ሁሴን ውሃውን ሳይጠጣ ፍየሎቹን ነዳ።

ቃጭሉን ወዲያው ፈታሁት። በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ግን ሲንቃጨል ሰማሁ። አስካለ ጎንበስ ብላ አንገቱ ላይ እያሰረችው ነው። «ምን ልታደርጊ?» አልኳት። «ሐሊማ ወሬዋን አልጨረሰችም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ጠዋት ውሻው ይወጣል። ፍየሎቹን አስከትሎ ይመለሳል። ፍየሎቹን ፍለጋ ሴቶቹ ይመጣሉ። የሁሴንን ፍየሎች ተከትለው የሌላውም ይቀላቀላሉ፤ የሌላውም ባለቤት ይመጣል። ከኋላችን የምትኖረው ሎኮ አጥሩ ላይ ቆማ «አካም ጅርታ፣ ሃዳ ሰላም! ሳሬን ኬ ሬኤ ኮ ፉዴ!» ትላለች፤ የሰላም እናት እንዴት ነሽ፣ ውሻሽ ፍየሌን ወሰደብኝ ማለቷ ነው። አስካለ «ናጋ!» ብላ ሰላምታውን ትመልስና «ፍየልሽ ሽፈራውን በልታብኛለች፣ ሳትክሺ አትወስጃትም» ትላታለች። ካሳው በቅል ወተት ይሆናል። ወተቱን ልታደርስ ስትመጣ ሎኮ ትቀመጣለች። የተቀመጠች ሴት ዝም አትልም። የወታደር ሚስት የነበሩት እማማ ብርቄ ደግሞ ውሻው ፍየሎቹን አሰልፎ ሲገባ አይተው «ባሌ አርባ ሰው መርቶ ዕድሜ ልኩን ሻምበል አልተባለም፤ ይሄ በሳምንቱ!» አሉ። ስሙ በዚያው ሻምበል ሆኖ ቀረ።

የሆሳዕና ሳምንት ሲገባ ሰላም መጣች። ለእናቷ ልብስ የሚሆን ትልቅ ሻንጣ ይዛለች። በር ላይ ሳገኛት ሻንጣውን ተቀበልኳት፤ ባዶ ነው፤ ከበደኝ። ግቢው ውስጥ ስድስት ሴቶች፣ ፍየሉን አልቆጠርኩም። አስካለ ከሎኮ ጋር እየተከራከረች ነበር። ልጇን አቅፋ ሳመችና ክርክሩን ካቆመችበት ቀጠለች።

«እማዬ፣ ልብስሽን አላዘጋጀሽም?» አለች ሰላም።

«የት ልሄድ?»

«ሐዋሳ ነዋ። እሺ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«እኔ ሄጄ ይሄን ሁሉ ፍየል ማን ለባለቤቱ ያስረክብልኝ?»

ሰላም ፊቷ በራ። ወደኔ ዞራ «አየህ አባዬ! ውሻው ነው ያዳናት!» አለች። እኔም ልቀበል ነበር። ሰው ተሳክቶለት ሲመሰገን ምን ይላል?

አስካለ ሳቀች። «ውሻው? ውሻው አንድም ቀን ጭኔ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። አሁንም የት እንዳለ እዪው።» ሁሉም አዩ። እግሬ ላይ ተኝቷል። «ሃያ አምስት ዓመት ብቻዬን አወራሁ» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ የሽንኩርት ዋጋ የምትናገር ነው የሚመስለው። «ሹፌሮቹ ነበሩ፣ አንቺ ነበርሽ፤ ሁላችሁም ስትሄዱ ደከመኝና ማውራቱን ተውኩት። ብቸኛዋ እኔ መሰልኳችሁ። ከዚህ ቤት ማን ብቻውን እንደሆነ ያወቀ ይሄ ውሻ ብቻ ነው። ሻንጣ ይዘሽ ከመጣሽ አባትሽን ውሰጂው።»

የሎኮ ፍየል እንኳ ማመስኳቷን ያቆመች መሰለኝ። ሰላም አየችኝ። ሁሉም የሚጠብቁት እኔን ነው። የምለው አጥቼ አልነበረም፤ እንዲያውም በዝቶብኝ ነበር። «የሚጠገን ጎማ አለኝ» ብዬ ወጣሁ።

ሰላም ፋሲካን አብራን ውላ ባዶውን ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። እኔን አልወሰደችኝም። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሥራ ነበረኝ፤ ሁለት ጎማ ተነቅሎ ተቀምጧል። ዘጋሁና ወደ ቤት ሄድኩ። ሻምበል ቃጭሉን እያንቃጨለ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ግቢ ስገባ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ወሬው ተቋረጠ። እዚያው ቆምኩ። ቆቤን አወለቅሁ፣ መልሼ አደረግሁ።

«ምን ፈልገህ ነው፣ አባ ሰላም?» አለች ሎኮ።

«ፍየል ጠፍቶብኝ ነው» አልኩ።

«ፍየል አለህ እንዴ?»

«የለኝም።»

አስካለ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።